ያለ ትራከር ኔቡላ ማንሳት፦ ከድሬዳዋ ጣሪያ እስከ ባቢሌ

ኔቡላን፣ ማለትም በጠፈር ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ የማነሳው ያለ ትራከር ነው። ኮከቡን እየተከተለ ካሜራውን የሚያዞረው ይህ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በሰሜን ኮከብ ነው የሚስተካከለው፤ እኛ ጋ ድሬዳዋ ደግሞ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ጋራ ይጋርደዋል፣ ጋራ ከሌለ አቧራ። ስለዚህ በካሜራ፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስና በትሪፖድ ጀመርኩ፤ አሁንም በዚያው ነኝ።

መሬት ስለምትዞር ካሜራው ቆሞ ረጅም ኤክስፖዠር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከሰጠን ከዋክብቱ መስመር ይሆናሉ። 500ን ለሌንሱ ርዝመት የማካፈሉ ደንብ 10 ሴኮንድ ይሰጣል፤ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) አነስ ባለው በእኔ ካሜራ ግን 6 ሴኮንድ ያህል ብቻ ይፈቅዳል። እኔ ግን ከ3 አላልፍም፤ ሲጎላ ኮከቡ ክብ ሆኖ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። በ3 ሴኮንድ የሚገባው ብርሃን ኢምንት ስለሆነ መላው ብዛት ነው። ያንኑ ቦታ ደጋግሜ አነሳና ሲሪል በተባለው ነፃ ፕሮግራም እደራርባለሁ። 100 ፎቶ ሲደረብ ኖይዙ፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚረጨው የተዘበራረቀ ነጠብጣብ፣ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል።

ፎከሱ ላይ አልቸኩልም። ደማቋን ኮከብ ሲሪየስን በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን) 10 ጊዜ አጉልቼ፣ ነጥቧ እስክታንስ ቀለበቱን በፀጉር ያህል እያዞርኩ አስተካክላለሁ፤ ከዚያ በፕላስተር ማሸግ ነው። አውራ ጣት ሳት ብሎ ከነካው የሌሊቱ ሥራ ገደል ገባ።

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ካለው ጣሪያችን ኦሪዮን ኔቡላ ይወጣል፤ የመንገዱ መብራትና ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ሴንሰር 6 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ቁጥር ከሙቀት የሚመጣው ኖይዝ እጥፍ ይሆናል። የሌንሱን ክዳን ገጥሜ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ኤክስፖዠር ጥቁር ፎቶዎችን የማነሳው ለዚህ ነው፤ ፕሮግራሙ ያንን ኖይዝ ከፎቶው ይቀንስልኛል። የተሻለው መፍትሔ ግን የደንገጎን ጋራ መውጣት ነው። ሐረርን አልፎ ባቢሌ፣ ዳካታ ቋጥኞች አጠገብ ጨለማው ጨለማ ነው። የአካባቢውን ሰው ሳልይዝ አልሄድም። አብሮኝ ያመሸ አንድ ልጅ ሌንሱ ወደ ሰማይ መዞሩን አይቶ «አቦ፣ እኔ ጅብ ልታነሳ መስሎኝ!» ብሎ ስቆብኛል።

በጥር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኦሪዮን ከአናት ትንሽ ወደ ደቡብ ይቆማል፤ ወፍራም አየር ስለማይገባበት ጥርት ይላል። ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። አንድሮሜዳ ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆም ሰማይ ላይ ከጨረቃ ስፋት ብዙ እጥፍ ስለሚይዝ ለ50 ሚሊሜትር አያንስም፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይነሳል።

ቀጥሎ ካሪና ኔቡላ ነው። አውሮፓ ያሉት ከአድማስ በታች ስለሚቀርባቸው አያዩትም፤ ከሐረር ግን በሚያዝያ፣ ምሽት 3 ሰዓት ገደማ በደቡብ 21 ዲግሪ ይወጣል። የካሜራዬ ማጣሪያ አብዛኛውን የኔቡላ ቀይ ብርሃን ስለሚቆርጥ ብዙ መቶ ፎቶ ይፈልጋል፤ የበልጉ ደመና ከፈቀደ።