የቤት ብድር ልትዋዋሉ ነው? ከወለዱ በፊት አንቀጹን እዩ

ጅማ ላይ ቤት ለመግዛት የተነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «አሁን ልፈርም ወይስ ወለዱ እስኪቀንስ ልቆይ?» ብሎ ነው። ዜና ከመከታተላችሁ በፊት የባንኩን ቅርንጫፍ የብድር ውሉን ቅጽ አንድ ቅጂ ጠይቁና ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። «ባንኩ የወለድ ምጣኔውን እንደ አስፈላጊነቱ ማሻሻል ይችላል» የሚል ዓይነት አንቀጽ ካለበት፣ ዛሬ በ15 ከመቶ መፈረማችሁ የዛሬ ዓመት በ15 እንደምትከፍሉ አያረጋግጥም። ይህ አንቀጽ በብዙ የባንክ ውሎች ላይ አለ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ወለዱን ቶሎ አስይዙት» ቢላችሁ እሱ የለመደው ሌላ አሠራር ነው። እዚያ አበዳሪው የነገራቸውን ምጣኔ ለ30፣ ለ45 ወይም ለ60 ቀን ይይዝላቸዋል፤ ቋሚ ወለድ ከመረጡ ደግሞ እስከ 30 ዓመት ሳይነካ ይቆያል። እኛ ጋ ትክክለኛ ቀን መምረጥ ብቻውን ያን ያህል አያድንም።

በቁጥር እንየው። 2 ሚሊዮን ብር በ15 ከመቶ ለ20 ዓመት ብትበደሩ ወርኃዊ ክፍያው 26,336 ብር ገደማ ነው። በ17 ከመቶ 29,336 ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ያሰላዋል። የማይሰላው መሐል ላይ የሚመጣው ጭማሪ ነው። 5 ዓመት ሳታስተጓጉሉ ከፍላችሁ በድምሩ 1.58 ሚሊዮን ብር ካስገባችሁ በኋላ እንኳ ዋናው ዕዳ 1,881,700 ብር አካባቢ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ክፍያ የሚበላው ወለዱ ነውና። ያን ጊዜ ምጣኔው ወደ 17 ቢወጣ የአንድ ወር ወለድ ብቻ 26,657 ብር ይሆናል። የድሮው ክፍያ 26,336 ስለሆነ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም፤ እየከፈላችሁ ዕዳው ያድጋል። በዚህ ጊዜ «ክፍያው ይቅር፣ ዓመቱ ይራዘምልኝ» ማለት አያወጣም፤ 40 ዓመት ቢሰጧችሁም አያልቅም። በቀሪው 15 ዓመት ለመጨረስ ክፍያው ወደ 28,960 ብር መውጣት አለበት።

ስለዚህ አቅማችሁን ባንኩ በነገራችሁ ምጣኔ ብቻ አትመዝኑ። 3 ነጥብ ጨምሩበት፤ በ18 ከመቶ ክፍያው 30,866 ብር ነው። ይህን ችላችሁ የትምህርት ቤትና የአስቤዛ ወጪ ከተረፋችሁ ወለድ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ፈርሙ። ካልቻላችሁት ግን ብድሩን ወደ 1.7 ሚሊዮን አውርዱ ወይም ቅድሚያ ክፍያውን አሳድጉ።

ወለዱ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠቁሙ ነገሮች አሉ። ጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ሲያነሳ የባንኮች የገንዘብ ወጪ ጨመረ፤ እንዲህ ያለ ወጪ ዞሮ ተበዳሪው ላይ ያርፋል። ሐምሌ 2016 ላይ የወጣው የ15 ከመቶ የፖሊሲ ወለድ ባንኮችና ብሔራዊ ባንክ የሚገበያዩበት እንጂ ቅርንጫፍ ላይ ለእናንተ የሚሰጥ ዋጋ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። ለተበዳሪ ከዚህ በላይ የከበደው ነሐሴ 2015 የመጣው የብድር ዕድገት ጣሪያ፣ ማለትም ባንኮች በአንድ በጀት ዓመት ብድራቸውን ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያሳድጉ የሚከለክለው ገደብ ነበር። መጀመሪያ 14 ከመቶ ነበር፤ በኋላ ላልቷል። ባንኩ ጣሪያውን ከሞላ የጸደቀ ፋይል እንኳ ገንዘብ ሳይለቀቅለት ይቀመጣል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ እኔ ብሆን ፋይሌን ግንቦት ላይ ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴ ላይ አስገባለሁ።

ሌላው የሚምታታው የሚጸናው የየትኛው ቀን ምጣኔ ነው የሚለው ነው። ማመልከቻ ያስገባችሁበት? የጸደቀበት? የተፈረመበት? ገንዘቡ የተለቀቀበት? መሐንዲሱ ግምት እስኪሠራ፣ ካርታው ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑ ከመሬት ጽሕፈት ቤት እስኪረጋገጥ፣ መያዣው እስኪመዘገብ ሳምንታት ያልፋሉ። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በማጽደቂያ ደብዳቤው ላይ ምጣኔውና ደብዳቤው የሚቆይበት ጊዜ ተጽፎ ይሰጣችሁ። ሂርማታም ሆነ መንደራ ያለው ቤት የጭቃ ከሆነ ባንኩ ለግንባታው የሚሰጠው ግምት አነስተኛ ስለሚሆን፣ የጎደለውን ከኪሳችሁ ለመሙላት ተዘጋጁ።

የማጽደቂያ ደብዳቤው ሳይደርሳችሁ ቀብድ አትክፈሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ሻጩ አልጠብቅም ካለ፣ ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ እንደሚመለስ ውሉ ላይ አስጽፉ። አንዲት መስመር ናት፣ ግን ስንቱን ከክርክር ታድናለች።

የቡና ነጋዴ ከሆናችሁ ገቢያችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ይመጣና ክረምት ላይ ይደርቃል። ክፍያው ግን በየወሩ ነው። በቡና ሰሞን የተረፈውን ከዋናው ዕዳ ላይ መቀነስ ከማንኛውም የወለድ ግምት ይሻላል፤ ግን ባንኩ ያለ ቅጣት ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስትከፍሉም «ለዋናው ዕዳ» ብላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ወር ክፍያ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል።

ዋጋው ጨርሶ እንዳይነቃነቅ የምትፈልጉ ከወለድ ነጻ አገልግሎት ያለበትን ባንክ ጠይቁ፤ ጅማ ላይ ይህን የሚፈልግ ብዙ ነው። በሙራባሃ ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥላችኋል፤ ጠቅላላው ዋጋ በውሉ ቀን ይታወቃል፣ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። የሚጎዳው ቀድሞ ለመክፈል ሲታሰብ ነው። ትርፉ የዋጋው አካል ስለሆነ ዕዳውን በ7ኛው ዓመት ብትዘጉ ቅናሽ ማግኘት በባንኩ ፈቃድ ነው። ውርስ ወይም ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የምትጠብቁ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ተለዋዋጭ ወለድ ላይ የምትፈርሙ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለውጡ ከመጽናቱ በፊት የጽሑፍ ማስታወቂያ፣ እና ካልተስማማችሁ ያለ ቅጣት ዕዳውን ከፍሎ ወደ ሌላ ባንክ የመዞር መብት። ቅርንጫፉ ቅጹን መቀየር አልችልም ሊል ይችላል፤ የሚቀይረው ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ጥያቄያችሁ በደብዳቤ ይሂድ። መዘግየት ቢመጣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ጭማሪው ሲነገራችሁ ክፍያችሁ ሳያቋርጥ ወዲያው ሄዳችሁ አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ አሠሩ።