ለአንድ ቲያትር ሦስት ፕሮፎርማ

ጎንደር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል እሠራለሁ። አንድ ዓመት ለጥምቀት ሰሞን ዝግጅታችን አለቆቻችን «የአካባቢው ወጣቶችም ይካተቱ» አሉና አንድ የአማተር ቲያትር ቡድን ተጠራ። ልጆቹ ጃን ተከል ዋርካ ሥር ሲለማመዱ ከርመው መጡ፤ አዳራሹን በሳቅ አፈረሱት። ጣጣው የመጣው ክፍያው ላይ ነው።

የ12 ሺህ ብር ጥያቄያቸው ግዢ ክፍል ደርሶ «ሦስት ፕሮፎርማ ይያያዝ» የሚል ተጽፎበት ተመለሰ፤ ከሦስት አቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ ይምጣ ማለት ነው። የቡድኑ አዘጋጅ ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

«እትየ፣ የጻፍነው እኛ፣ የተጫወትነው እኛ፤ የሌላ ሰው ዋጋ ከየት እናምጣ?»

የግዢው ባልደረባችን ሲሰማ ሳቀ፤ ግን አልፈረመም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ኦዲተር ፈርቶ ነው።

ንግድ ፈቃድ የላቸውም፣ ቲንም (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) የላቸውም። ያኔ ይሠራበት በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ቲን የሌለው ሰው ላይ 30 በመቶ ይያዛል፤ ከ12 ሺህ 3,600 ብር ማለት ነው። የሚቀረው የልብስ ኪራያቸውን እንኳ አይሸፍንላቸውም። በዚያው መድረክ የዘፈነው የአዲስ አበባ ድምፃዊ ግን ደረሰኝ ስላለው ግማሹን ገና ሳይነሳ ተቀብሏል። ሀገር ፍቅር ከ1927፣ ብሔራዊ ቲያትር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉት እዚያው አዲስ አበባ ነው፤ በደመወዝ የሚሠራ ተዋናይ ፕሮፎርማ አምጣ አይባልም። የእኛ ልጆች በወረቀቱ ዓይን ከወንበር አከራይ አይለዩም።

የግዢ ሕጉን አውጥቼ አነበብኩ። አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን ያለ ውድድር በቀጥታ መግዛት እንደሚቻል በግልጽ ተጽፏል። አንቀጹን ከማስታወሻ ጋር አያይዤ ለኃላፊው አቀረብኩ፤ ከልጆቹም አንዱ ቲን አወጣና ተቀናሹ ወደ 2 በመቶ ወረደ። ገንዘቡ እጃቸው የገባው ግን ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በዚያ መሃል ዋናዋ ተዋናይ ባሕር ዳር ሱቅ ተቀጥራ ሄደች።

አሁን ቡድን ስንጠራ ውሉ ከልምምዱ በፊት ይፈረማል፣ ከፊሉም በቅድሚያ ይከፈላል። ስብሰባ በሌለበት ከሰዓት በአዳራሹ ይለማመዱ ብዬ የጻፍኩት ማስታወሻ ግን «የመብራቱን ማን ይችላል?» ተብሎበት ተመልሶልኛል።