የኤችፒቪ ክትባት ዕጢውን ለምን አያጠፋም?

ኤችፒቪ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ነው። የኤችፒቪ ክትባት በልጅነቷ የተከተበች ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በእጅጉ ይቀንሳል። ካንሰሩ የያዛት ሴት ግን ያንኑ ክትባት ብትወስድ ዕጢው አይነካም። ክትባቱ ለሰውነት የሚያስተዋውቀው ፕሮቲን ዕጢው ውስጥ የለማ!

ክትባቱ የሚሠራው ከቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን፣ ከኤል1 ነው። አንቲቦዲዎች ቅርፊቱን ይዘው ቫይረሱ ህዋስ ውስጥ እንዳይገባ ያግዱታል። ካንሰር የሆነ ህዋስ ኤል1 አያመርትም። ብዙውን ጊዜ የቫይረሱ ክብ ዲኤንኤ ተበጥሶ ከሰው ክሮሞዞም ጋር ይቀጠላል፤ በዚህ መሀል ኢ2 የተባለው ዘረመል ከተበላሸ እሱ ይቆጣጠራቸው የነበሩት ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ የቫይረሱ ፕሮቲኖች ከልክ በላይ ይመረታሉ። ኢ6 ፒ53 የተባለውን የሰው ፕሮቲን ያስፈርሳል፣ ኢ7 ደግሞ ፒአርቢ የተባለውን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ፒ53 እና ፒአርቢ የህዋስ መባዛት ፍሬኖች ናቸው።

ኢ6 እና ኢ7 ለሰውነት ባዕድ ስለሆኑ ጥሩ ዒላማ ናቸው። ህዋሱ ውስጥ ፕሮቲያዞም የተባለ የፕሮቲን መቁረጫ ይቆራርጣቸዋል፤ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ ያላቸው ቁርጥራጮች ታፕ በተባለ አጓጓዥ በኩል አልፈው ኤችኤልኤ በተባለ ማሳያ ፕሮቲን ላይ ይቀመጡና ወደ ህዋሱ ገጽ ይወጣሉ። ያንን ቁራጭ የሚለይ ሲዲ8 ቲ ህዋስ (ገዳይ የመከላከያ ህዋስ) ሲደርስ ፐርፎሪንና ግራንዛይም የተባሉ ፕሮቲኖችን ለቆ የካንሰሩን ህዋስ ይገድለዋል።

ሌሎች ዕጢዎች የታወቁበትን ፕሮቲን ጥለው ሊያመልጡ ይችላሉ። ይሄኛው አይችልም፤ ያለ ኢ6 እና ኢ7 መባዛቱ ይቆማል። ስለዚህ የሚያበላሸው ማሳያውን ነው። ኢ7 የታፕን ምርት ይቀንሳል፣ ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን ኢ5 ደግሞ (ዘረመሉ ካልጠፋ) ኤችኤልኤን ጎልጂ በተባለው የህዋሱ ክፍል ውስጥ ያስቀረዋል። ኤችኤልኤ ጨርሶ ቢጠፋ ደግሞ ተፈጥሯዊ ገዳይ ህዋሶች የተባሉ ሌሎች የመከላከያ ህዋሶች የጎደለውን አይተው ያጠቃሉ። ለዕጢው የሚያዋጣው ታዲያ ኤችኤልኤውን በከፊል ማጥፋት ነው። በዚያ ላይ ቲ ህዋሶችን የሚያቀዘቅዘውን ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን አብዝቶ የደረሱትን ቲ ህዋሶች ያደክማል።

እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ከኢንፌክሽኖቹ ጥቂቱ ነው። ቫይረሱ ህዋስ አያፈነዳም፣ ደም ውስጥም አይዘዋወርም፣ ስለዚህ ለመከላከያ ሥርዓቱ የሚሰጠው ማንቂያ ዝቅተኛ ነው፤ ያም ሆኖ አብዛኛው ኢንፌክሽን በ2 ዓመት ገደማ ይጠፋል። መከላከያውን የሚያግዙት ሲዲ4 ህዋሶች ሲመናመኑ ግን ይህ ጽዳት ይስተጓጎላል፤ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ለካንሰሩ ያላቸው ተጋላጭነት 6 እጥፍ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራቸው ከ25 ዓመት እንዲጀመር የሚመክረውም ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት መከላከያ ብቻ ነው። ለሕክምና የሚሞከሩት ክትባቶች ኢ6 እና ኢ7ን ያነጣጥራሉ፤ ደም ውስጥ ቲ ህዋስ ማብዛቱ ያን ያህል አይከብድም፣ ችግሩ ዕጢው ጋ ሲደርሱ ኤችኤልኤው ተቀንሶ መጠበቁ ነው።