«ለማንም?»

ዛሬ ከሰዓት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አንድ ወጣት ጥበቃውን «መግቢያው ስንት ነው?» ሲለው ሰማሁ። ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል።

«በነጻ ነው ወንድሜ፣ ግባ።»

ልጁ ግን አልተራመደም። «ለማንም?» ብሎ ደገመ።

ውስጥ እንደገና አየሁት። ስለ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚያስተምር መጽሐፍ ጠየቀ፤ ሠራተኛዋ መደርደሪያው ድረስ ወሰደችው። መጽሐፉን ሳይነካ መታጠቢያው የት እንደሆነ ጠይቆ ሄደ። ሲመለስ እጁን በሹራቡ ውስጠኛ በኩል ያደርቅ ነበር፤ ውጪው አቧራ ነዋ! ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቀ። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን የገለጠው። እንዲህ መጽሐፍ የሚያከብር አንባቢ ካየሁ ቆይቻለሁ።

«ለማንም?» የሚለው ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። አብርሆት የተከፈተው በ2014 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርማ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሆኖም ሕንጻው ሲገዝፍ፣ መስታወቱ ሲያብረቀርቅ፣ ቀን ሥራ የሚውል ሰው «ይሄ የተማሪና የምሁር ነው» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ማን ነገረው? አዲስ መጽሐፍ ገባ፣ ውይይት አለ ሲባል ወሬው የሚዞረው እኛው አንባቢዎቹ መካከል ነው። ግንባታ ቦታው፣ ታክሲ ተራው፣ ጉልቱ ጋ አይደርስም።

እባካችሁ እናድርሰው። በሰፈራችሁ ሙያ መማር የሚፈልግ ልጅ ካለ በነጻ መሆኑን ንገሩት፤ ከተመቻችሁም የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁት ግቡ። የሕጻናት ክፍልም ስላለ ታናናሾቹን ይዞ ይምጣ።