ኩበቱ እስኪያያዝ

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ ነው። ስምንት ኩንታል። አርማንያን አልፌ ወደ ደብረ ሲና ዳገቱን ስያያዘው፣ ከፊቴ አንድ ተሳቢ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ጭሱን ስምግ ቆየሁና አንዲት ቀጥ ያለች አጭር መንገድ አገኘሁ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ወደ ግራ ወጣ ብዬ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።

ምንም።

ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የተሳቢው የኋላ ጎማ ጎን ለጎኔ ነው። ከመታጠፊያው አንድ ቅጥቅጥ መብራቱን እያበለጨለጨ ብቅ አለ። ልመለስ ስል፣ ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ጉልበቱ ከተፍ! ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ፍሬን ይዤ ወደ ተሳቢው ጭራ ተመለስኩ። የቅጥቅጡ ሹፌር ሲያልፍ የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም።

መኪናዋ ሂሉክስ ናት፣ ባለ ቱርቦ፣ የሞተሯ መጠን 2.5 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ኮፈኗ ላይ የአየር መሳቢያ አፍ ያላት። ከገዛኋት ያኔ ገና አራት ወሯ ነበር። ከዚያ በፊት የአባቴን አሮጌ ሂሉክስ ነበር የምነዳው፤ ባለ 5ኤል ሞተር፣ 3.0፣ ቱርቦ የሌላት። እሷ ደካማ ነበረች፤ ግን አትዋሽም ነበር። የረገጥክላትን ያህል ወዲያው ትሰጥሃለች። ያለቻትም ያቺው ናት። አዲሷ ግን መጀመሪያ ታስባለች።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን እንኳ በቅጡ ሳይከፍት «ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየራል» አለኝ። የጠራው ዋጋ ሁለት የደለበ በሬ ይገዛል። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዘመናቸውን በኤን ትሬ ፊያት አዲስ አበባና አሰብ ሲመላለሱ ነው የጨረሱት። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንተኛ ላይ ነበርክ?»

«ሦስተኛ።»

«ሁለተኛዋን ለማን አስቀመጥካት ታዲያ?»

ሳቅ አልኩ፤ ግን ውስጤ ገባ። ማታ ስልኬ ላይ ተጥጄ ስለ ቱርቦ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርቦ ማለት በአንድ አጭር ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ፋኖች ናቸው። አንደኛው ከሞተር የሚወጣው ጭስ መንገድ ላይ ይቀመጣል። ጭሱ ወደ ማርሚታ ሲሄድ እሱን እየገፋ ያዞረዋል። ሌላኛው በዘንጉ አብሮ ይዞርና ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየር ከበዛ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበት የሚመጣው ከዚያ ነው። ዘንጉ በደንብ ሲሠራ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ሞተሩ ራሱ 2,000 ሲዞር ማለት ነው!

ችግሩ መነሻው ላይ ነው። ፋኑ እንዲዞር ብዙ ጭስ ያስፈልጋል። ብዙ ጭስ እንዲኖር ብዙ ነዳጅ መቃጠል አለበት። ነዳጁ እንዲቃጠል አየር ያስፈልጋል። አየሩን የሚያመጣው ደግሞ ፋኑ ነው። ስትረግጥ ሁሉም አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። የእኔዋ ናፍጣ ደግሞ በኮምፒውተር ነው ነዳጅ የምትመጥነው፤ አየሩ ሳይደርስ አብዝታ አትለቅም። ብትለቅ ጥቁር ጭስ ነው ትርፉ። ስለዚህ እግርህ ወለል ነክቷል ማለት ነዳጁ ሄዷል ማለት አይደለም።

እናቴ ቤት እስካሁን በኩበት ይጋገራል። ኩበቱ ትንሽ እርጥበት ካለው ታውቁታላችሁ። እፍ ትላለህ፣ ጭስ። ደግመህ እፍ ትላለህ፣ ጭስ፣ እንባ። ተስፋ ቆርጠህ አንገትህን ወደ ምድጃው ስታስገባ ድንገት ቦግ ይልና ቅንድብህን ይልስሃል። የእኔ መኪና አርማንያ ዳገት ላይ ያደረገችኝ ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሰው የሚቀላቅላቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ እኔም ስቀላቅል ነበር። አንደኛው ቱርቦው የሚነቃበት የሞተር ዙር ነው። ከዚያ ዙር በታች ጭሱ ከናካቴው አይበቃም፤ ረግጠህ ብትጠብቅ መኪናዋ ራሷ እየተጎተተች እዚያ ዙር እስክትደርስ ነው የምትጠብቀው። በእኔዋ 1,800 አካባቢ ነው። ሁለተኛው እውነተኛው መዘግየት ነው። ዙሩ በቂ ሆኖም ፋኑ ፍጥነት እስኪይዝና ቱቦው ውስጥ ያለው አየር እስኪታመቅ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ይህ በጤነኛ መኪና አጭር ነው። የመጀመሪያው የሹፌሩ ጥፋት ነው። ሁለተኛው የመኪናዋ ባሕርይ ነው፣ ካልታመመች በስተቀር።

አገራችን ደግሞ ነገሩን ታባብሰዋለች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦው ከነቃ በኋላ ክፍተቱን ይሞላዋል። እስኪነቃ ድረስ ግን ሞተሬ 2.5 አይደለም። በ0.7 አባዙት፤ 1.75 ነው። ባዶዋን ሁለት ቶን ገደማ የምትመዝን መኪና፣ ስምንት ኩንታል ሽንኩርት ተጭኖባት፣ በ1.75 ዳገት ትወጣለች። ፈረንጆቹ ባሕር ዳርቻ ላይ ነድተው «መዘግየቱ አይታወቅም» ብለው ሲጽፉ እውነታቸውን ነው። ጣርማ በርን መቼ አዩት?

የሚገርመው ቱርቦን ያሳደገው ተራራ ነው። ሐሳቡን አልፍሬድ ቡኪ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እንደ ፈረንጆቹ በ1905 ነው ያስመዘገበው። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ የተባለ ተራራ አናት ላይ አወጣ፤ 4,300 ሜትር ገደማ። የፈለገው ከፍታ ላይ ስስ የሚሆነውን አየር ቱርቦ ሲተካው ማየት ነበር። ተካው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «እኛ እኮ ያለ ምንም ነው የወጣነው» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን በአንኮበር መንገድ ወጣ አልን። መንገዱ ጭር ባለበት በአራተኛ ማርሽ፣ 1,300 ዙር ላይ አስቀምጬ ረገጥኩ። ጋሼ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ስድስት ሲሉ ጎተተች። ቀጥሎ ወደ ሦስተኛ ቀንሼ 2,200 ላይ ሆና ረገጥኩ። ሁለት ብለው ሦስት ሊሉ ሲሉ ጎተተች።

ቱርቦው አልሞተም ማለት ነው። የሞተ ቱርቦ ማርሽ ስለቀነስክለት አይነሳም። ጋሼ ግን አልረኩም። «ሁለት ተኩል ለምን? አቁም» አሉ።

ኮፈኑን ከፈትን። ሞተሩ በረድ እስኪል ጠብቀው ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ፣ ማለትም የተጨመቀውን ትኩስ አየር ወደሚያቀዘቅዘው ዕቃ፣ የሚሄደውን ጎማ ቱቦ በእጃቸው ከሥሩ ዳበሱት። ጣታቸው ጥቁር ዘይት ይዞ ወጣ። ከላይ ሲታይ ቱቦው አዲስ ነው የሚመስለው። ከሥር በኩል፣ ፋሸታው ከሚያጠብቅበት ጠርዝ አለፍ ብሎ፣ ሲጨምቁት ስንጥቅ እንደ ትንሽ አፍ ተከፈተ። ለቀቁት፣ ተዘጋ። ጨመቁት፣ ተከፈተ። ቱርቦው የሚያመጣው አየር በዚያች አፍ እየሾለከ ነበር፤ ጫና ሲበዛ ደግሞ አፏ ይሰፋል። ዳገት ላይ የምሰማት «ፍስስ» የምትል ድምፅ እሷው ኖራለች። እኔ መስኮቱ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቱቦና ሁለት ፋሸታ። የሁለቱ በሬ ዋጋ ቀርቶ የአንድ ዶሮ ዋጋ ቢሆን ነው። ያንን ጋራዥ ተመልሼ አልተናገርኩትም፤ ግን ድጋሚም አልሄድኩም።

አሁን ዳገት ሳይጀምር ነው ማርሽ የምቀንሰው። ለመቅደም ከመውጣቴ በፊት ሁለተኛ አስገብቼ ዙሩን ከ2,000 በላይ አደርጋለሁ፤ ኩበቱ ከተያያዘ በኋላ ነው ምጣዱ የሚጣደው። ደብረ ብርሃን በውርጭ ጠዋት እንደነሳሁ ሞተሩን አላጮህም፤ ያ ዘንግ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ስለሆነ ዘይቱ እስኪሞቅ እታገሳለሁ። ጣርማ በር ዋሻው ጋ ስቆምም ወዲያው አላጠፋም። ቱርቦው ግሎ እያለ ዘይቱ ከቆመበት ያርራል። ጭላዳዎቹን እያየሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ትንፋሽ እሰጣታለሁ።

ቱቦው የተቀየረ ሳምንት ሮቢት ስወርድ ጋሼም «ሙቀት ልሙቅ» ብለው አብረውኝ ወረዱ። ስንመለስ እዚያችው ቦታ ላይ፣ አያድርስ ነው፣ ሌላ ተሳቢ አገኘን። መንገዱ እስኪገለጥ ጠበቅሁ። ሁለተኛ። ረገጥኩ። ፉጨቷ ተሰማ፤ አንድ ብዬ ሳልጨርስ አለፍነው። ጋሼ የመስኮቱን እጀታ ጨብጠው ነበር። ደብረ ሲና ቆመን ቆሎ ገዛን። አንድ እፍኝ ወደ አፋቸው ጣል አድርገው መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋት።

«የእኔዋ ኤን ትሬ ብትሆን» አሉ፣ «አሁን ገና አርማንያ ምሳ እየበላን ነበር።»