የተሰረዘው ዋጋ ሁልጊዜ እውነተኛው ዋጋ አይደለም

ዛሬ ከእህቴ ጋር የጆሮ ማዳመጫ ኦንላይን ስንፈልግ ዋልን። የወደደችው ላይ ትልቁ ዋጋ ተሰርዞ፣ ከሥሩ በቀይ ቅናሽ ተጽፏል። ከጎኑ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ልትከፍል ስትል «ቆዪ እስቲ፣ መጀመሪያ የዋጋውን ታሪክ እንይ» አልኳት።

ዕቃው ባለፉት ወራት ስንት ይሸጥ እንደነበር በግራፍ የሚያሳዩ ድረ ገጾች አሉ። አማዞን ላይ ለምትገዙ ኪፓ እና ካሜልካሜልካሜል ይህን ይሠራሉ። እኛ ያየነው ዕቃ ወሩን ሙሉ «በቅናሽ» ዋጋው ነው የተሸጠው። ገዢን በሌለ ቅናሽ ማጣደፍ ያናድደኛል! የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 ጀምሮ ቅናሽ የሚያስተዋውቅ ሻጭ በቀደሙት 30 ቀናት ውስጥ የጠየቀውን ዝቅተኛ ዋጋ ማሳየት አለበት። ሁሉም አገር ቢኖረው ደስ ይለኛል።

ሰዓቱንም ፈተንነው። ገጹን ዘግተን በሌላ ብሮውዘር ስንከፍተው ቆጠራው እንደ አዲስ ጀመረ።

ሌላው ማጓጓዣ ነው። ርካሽ የመሰለ ዕቃ ማጓጓዣና ቀረጥ ሲጨመርበት ከውዱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የማወዳድረው መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ድምር ነው። «ትንሽ ጨምረው ቢገዙ ማጓጓዣው ነፃ ነው» ሲሉም የሚጨመረውን ዕቃ በእርግጥ እፈልገው እንደሆነ አያለሁ። የመመለሻ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንም ቀድሜ አነባለሁ፣ በተለይ ለልብስና ለጫማ።

እህቴ ማዳመጫውን በድረ ገጹ የግዢ ቅርጫት ውስጥ ትታ ሳትከፍል ወጣች። አንዳንድ ሻጮች አካውንት ላለው ገዢ እንዲህ ሲሆን በኢሜይል የቅናሽ ኮድ ይልካሉ። ዋጋው ሲወርድ እንዲያሳውቃትም አለርት ሞልታለች። እናንተስ ምን ትጠቀማላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።