ስለ ቁመት እያሰብኩ አመሸሁ

ሰሞኑን ሆድ ብሶኛል። የደብረ ብርሃን ብርድ ነው እንዳልል፣ ብርዱን ለምጄዋለሁ። ዛሬ ደግሞ ሻይ ሰዓት ላይ አንዱ የሥራ ባልደረባችን ከስልኩ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ረጃጅም ሰዎች ከአጫጭሮች ይልቅ ብልህ ናቸው፣ ደመወዛቸውም ይበልጣል የሚል። ሁሉም ሳቀ። አጭሩ ጓደኛዬ ግን ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

ማታ ጥናቱን ፈልጌ አነበብኩት። አን ኬዝና ክርስቲና ፓክሰን የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ምሁራን ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በብሪታንያ በ1958 እና በ1970 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ልጆችን እስከ ጉልምስና የተከታተለ መረጃም ተጠቅመዋል። ረዘም ያሉት ልጆች ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ በአእምሮ ፈተና ይበልጣሉ፣ ልዩነቱም ኋላ ደመወዝ ላይ ይታያል ይላሉ። ሻይ ላይ ያልተነበበልን ምክንያቱ ነው። ቁመትንም አእምሮንም አብሮ የሚያሳድገው፣ ልጁ በማህፀን ሳለ ያገኘውና በጨቅላነቱ የበላው ነው፤ ሕመሙም አለበት።

የቁመትና የአእምሮ ፈተና ዝምድና ራሱ ቀጭን ነው። ዜሮ ምንም ዝምድና የለም፣ 1 ደግሞ ሁለቱ ፍጹም አብረው ይሄዳሉ ማለት በሆነበት መለኪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከ0.1 እስከ 0.2 ነው፤ በሰዎች መካከል ከሚታየው የፈተና ውጤት ልዩነት ከቁመት ጋር የሚሄደው ከመቶ 1 እስከ 4 እጅ ቢሆን ነው። በዚህ አንድን ሰው ከእግር እስከ ራሱ አይቶ ስለ ጭንቅላቱ መፍረድ ግፍ ነው።

ሰዎች እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጃንሆይን ይጠቅሳሉ፤ አጭር ነበሩ፣ ግን አገር ገዙ ብለው። እኔን አያጽናናኝም። ጃንሆይ ያደጉት በራስ መኮንን ቤት ነው። የእሳቸው ማጠርና የገበሬ ልጅ ማጠር ምን አገናኘው?

እዚህ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ እህቴ ዶሮ አላት። እንቁላሉን ግን ልጆቿ አይበሉትም፤ ተጠራቅሞ ገበያ ይወጣል፣ በጨውና በሳሙና ይለወጣል። ልጆቹ በሶና ቂጣ በልተው ይውላሉ። እሷ ጨካኝ ሆና አይደለም፤ ሌላ ብር የምታገኝበት መንገድ ስለሌላት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው! ታዲያ ለእነዚህ ልጆች እናቶች «አጭር ሰው ብልህ አይደለም» ተብሎ ሊነገር ነው?

ደግሞ ዘር ነው የሚሉ አሉ። ዘር ድርሻ አለው፣ አልክድም። ነገር ግን በደቡብ ኮሪያ በ1996 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ሴቶች በ1896 እ.ኤ.አ. ከተወለዱት በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል በልጠዋል። የአንድ ሕዝብ ዘር በመቶ ዓመት ይህን ያህል አይለወጥም፤ የተለወጠው ማዕዱና ጤናው ነው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላ ጥናት ነው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ። በአሜሪካና በብሪታንያ ነጭ ወንዶች ላይ ተሠርቶ፣ ከደመወዝ ጋር ይበልጥ የሚሄደው የዛሬው ቁመት ሳይሆን በ16 ዓመታቸው የነበራቸው ቁመት ሆኖ ተገኘ። በጉርምስናቸው አጥረው ኋላ የረዘሙት የረጅም ሰው ደመወዝ አላገኙም። አጥኚዎቹ በትምህርት ቤት ስፖርትና ክበብ ውስጥ ካለመግባት ጋር አያይዘውታል። ይህን ሳነብ የእኛ ክፍል ትዝ አለኝ። አለቃ የሚሆነው ልጆቹ የሚፈሩት ረጅሙ ነበር፤ አጭሩ ሰልፍ ላይ ፊት ይቆማል እንጂ ፊት አይመራም። አንድም ቀን ሰው መርቶ የማያውቅ ልጅ ሥራ ፍለጋ ሲቀርብ በምን ድፍረት ይናገር?

የእህቴ ትንሹ ልጅ ለዕድሜው በጣም አጭር ነው። ጤና ኬላ ሲለኩት ነግረዋታል፤ እሷም ለእኔ ነገረችኝ። 16 ዓመት ሲሞላው ወደ ኋላ ቢቀር፣ ያስቀረው ሳይበላው የተሸጠው እንቁላል ይሆን ወይስ አጭር ነው ብሎ ያለፈው መምህር? የቱ እንደሆነ ያኔ ማን ሊለየው ነው?